የካሳራኒው መርከብ

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ሻማ አይደለም። መጀመሪያ መስኮት ተከፍቶ የጎረቤት ሕንፃ ይታያል። እሱም ከጨለመ «ተመስገን!» ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል። ሐዘኑ የኛ ብቻ የጠፋ እንደሆነ ነው፤ በቅድሚያ የተከፈለበት የመብራት ቶክን አልቋል ማለት ነውና ኪስ ይዳሰሳል። ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ ኬንያ ከዳር እስከ ዳር፣ ዓለም አቀፍ ኤርፖርቷ ሳይቀር ስትጨልም፣ የኛ ሕንፃ ሰው እንደዚያ ቀን ተፋቅሮ አያውቅም። ደረጃ ላይ ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት ስንሳሳቅ አመሸን። የጋራ ጨለማ እንዴት ያለ ሰላም አለው መሰላችሁ!

ከመስኮቱ ቀጥሎ የምታየው እኔ ነኝ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ ድረስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ሥራ ከጀመረ፣ ኬንያም የኛን 200 ሜጋ ዋት መግዛት ከያዘች ወዲህ፣ ሳልሾም የሕንፃው የመብራት ተጠሪ ሆኛለሁ። በጠፋ ቁጥር «ማማ ኢትዮጵያ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ምን አውቄ?» እል ነበር። አሁን ፊቴን ኮስተር አድርጌ «እያጣራን ነው» እላለሁ። ሲመጣ «አሳንቴ» ብለው የሚያመሰግኑኝም አሉ። እቀበላለሁ።

አከራያችን በኔ መመካት ሰለቻቸው መሰል፣ ካቻምና ጄኔሬተር ገዝተው መጡ። ያውም ተራ ጄኔሬተር እንዳይመስላችሁ፤ ሞምባሳ ላይ ከመርከብ የወረደ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። የሕንፃው ጠባቂ፣ ኬርቴከሩ፣ ለመጣው ለሄደው ሁሉ «ያ ሜሊ! የመርከብ ነው!» እያለ በሩን ከፍቶ ሲያሳይ ሰነበተ። ስዋሂሊ የኤሌክትሪክ መብራትን «ስቲማ» ነው የሚለው፤ ቃሉ የመጣው ደግሞ ከእንፋሎት መርከብ ነው። በዚህ ሒሳብ አከራያችን ጓሯቸው ውስጥ መርከብ ማቆማቸው ያለ ነገር አልነበረም።

ችግሩ ካሳራኒ ባሕር የለውም። የመርከብ ሞተር እንደ መኪና ፊቱን ነፋስ እየመታው አይቀዘቅዝም፤ የባሕሩን ውሃ በፖምፓ ይስባል፣ ሙቀቱን ያስረክበዋል፣ መልሶ ይተፋዋል። የኛ ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ከመጣ እልል ይባላል። ስለዚህ ሞተሩን ከግቢው ታንከር ጋር አገናኙት፤ እሱም ታንከሩን ሕንድ ውቅያኖስ ነው ብሎ አመነ። ከታንከሩ ይስባል፣ አሙቆ እዚያው ይመልሳል። ከታንከሩ ደግሞ ውሃው ወደየቤታችን ይወጣል። እናላችሁ መብራት ረዘም ላለ ሰዓት በጠፋ ቀን ከየፎቁ የሻወር ድምፅ ይሰማል። እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጭንቅላቴን ልታጠብ ብዬ መብራት እንዲጠፋ የተሳልኩበት ቀን አለ። ከወላይታ ሶዶ ሰዎች ጋር ያን ቀን አልተግባባንም።

ጄኔሬተሩ በግቢው ጥግ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ይኖራል። ክፍሏ የሱ ብቻ አይደለችም። የኬርቴከሩ ብስክሌት፣ የሁለተኛ ፎቆቹ የተቀደደ ፍራሽ፣ የተረፈ ቀለም፣ የኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነኮተቱ፣ ሁሉም እዚያው ነው። «ለጊዜው» ተብሎ የገባ ዕቃ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አላየሁም።

ድምፁ የጀመረው መስከረም ላይ ነው።

ሞተር ሲታመም መጀመሪያ የሚዋረደው የሰው ክብር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድ ሰው «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ በቃ አለቀ። ከረቫት ያሰረው የአንደኛ ፎቅ ሒሳብ ሠራተኛ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ «ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ» አለ። «የለም» አለች የሦስተኛ ፎቋ ነርስ፣ ደረቷን ይዛ፤ «ክህ-ክህ ነው፣ ሲተነፍስ ያፍነዋል።» የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ሹፌሩ ሁለቱንም ንቆ በመላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ትከሻው ፒስቶን፣ ጉልበቱ ቢየላ ሆነ። እኔም አልቀረሁም። «እኔን የሚሰማኝ ቅጭል-ቅጭል ነው» አልኩ። «እሱ በአማርኛ ነው» አለኝ ሹፌሩ፤ «ይሄ ሞተር አማርኛ አይችልም።» አሥራ አንድ አዋቂ ሰው ግቢ መሀል ቆሞ እንደ ሕፃን ሲንጫጫ፣ ሕፃናቱ ደረጃ ላይ ተደርድረው በዝምታ ያዩናል። ሞተሩ ያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር።

ቀጥሎ ምርመራው መጣ። ሁሉም ሞተሩ ውስጥ የሰማው የየራሱን ቤት ነው። ለነርሷ አስም ነው። ለሒሳብ ሠራተኛው የናፍጣ ብክነት ነው፤ በደቂቃ ስንቴ እንደሚመታ ልቁጠር ብሎም ሰዓቱን አውጥቶ ቆመ። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞር ሞተር ነው። አርባ ላይ ሲደርስ ስልክ ተደወለለት። የማታቱ ሹፌሩ ቫልቮላ እንደሆነ በእናቱ ማለ፣ መድኃኒቱንም ነገረን፤ ሙዚቃ ከፍ ማድረግ ነው። በቲካ መንገድ የሚሮጠው የማታቱ ሁሉ ሞተር በዚህ መንገድ እንደሚታከም ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አሁን ሙዚቃው በጣም የጮኸበት መኪና ሲመጣ አልሳፈርም። አከራያችን ግን ምንም ድምፅ አልሰሙም። የአከራይ ጆሮ የሚከፈተው ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነው።

በዚህ መሀል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ አንድ ጋሼ ይኖራሉ፤ በደህናው ጊዜ ምፅዋ የባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። «የመርከብ ሞተር፣ የመርከብ ሰው! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» ብዬ አዋጅ ነገርኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ወንበር ቀረበ። ሞተሩ ተነሣ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ሁላችንም አብረን ጨፈንን። ሲገልጡ እንዲህ አሉ፤

«ሶል ናት። ትንሽ ከፍ ብላለች።»

ተያየን። «ሌላዋ ግን» አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «ከኦርኬስትራው አይደለችም። አንድ ሰው ጽናጽል ይዞ ገብቷል።»

ያኔ ነው «ጋሼ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?» ብዬ ለመጠየቅ የበቃሁት። ትራምፔት ነበር። ሞተር ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ገብተው ያውቃሉ፣ እሱም ተሳስተው። ጎረቤቶቼ ጋሼን በክብር ሸኙ፤ በሩ እንደተዘጋ ግን ሳቁ ፈነዳ። ሳቁ በሳቸው ነው ብዬ ነበር፤ ለካ በኔ ነው።

ስቃችሁ ሳትጨርሱ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለ አራት ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈነዳል። 1,500 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 25 ዙር ነው፤ ስለዚህ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይፈነዳል። የታችኛዋ ሶል ደግሞ 49 ንዝረት ናት። ጋሼ አንዲት ንዝረት ናት ያለፈቻቸው፤ እሷንም «ትንሽ ከፍ ብላለች» ብለው አስመዝግበዋል። ይህን ሒሳብ የሠራልኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ወደሱ ልምጣ።

የወንድሜ ልጅ የመርከብ ኢንጂነር ነው። ባሕር የሌላት አገራችን ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የመርከብ ኢንጂነር አሠልጥና በዓለም ውቅያኖስ ላይ እንደምትበትን ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «ሐይቁ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ የጠየቀኝ አለ። ልጁ እሱ ሥር ያሉት ሞተሮች ትንንሽ መሆናቸውን ይናገራል፤ በዓለም ከታወቁት ግዙፎች አንዱ፣ ባለ 14 ሲሊንደሩ ቫርትሲላ-ሱልዘር፣ ቁመቱ 13 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 2,300 ቶን ነው። ባለ አራት ፎቁን ሕንፃችንን አክሎ፣ በደቂቃ መቶ ጊዜ ያህል ብቻ እየዞረ፣ ተረጋግቶ ይሄዳል። የኛው ድንክ ነው እንቅልፍ የነሣን።

ድምፁን በስልኬ ቀድቼ በዋትስአፕ ላክሁለት። ከወጥ ቤቴ መስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የቀዳሁት። መርከቡ የት ባሕር ላይ እንደነበር እንጃ፣ በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤

«እቴቴ፣ ሽንኩርቱ እያረረብሽ ነው።»

ከሳቁ በኋላ ጥያቄውን ደረደረው። ድምፁ ሞተሩ ሲነሣ ነው ወይስ ሲሞቅ? ሰው ሁሉ መብራት ሲያበራ ይብሳል ወይስ ባዶውንም አለ? ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ ይፈጥናል? ነዳጅ ሲቆረጥ ወዲያው ይጠፋል ወይስ እየቀነሰ? በሁለት ዙር አንዴ የሚመታ ከሆነ ከላይ ከቫልቮላ ወይም ከኖዝል ወገን ነው፤ በየዙሩ ከሆነ ከታች፣ ከክራንኩና ከኩሽኔታው ነው፤ እሱ ካልቸኮላችሁበት ደጅ ያስጠናችኋል። አንዱን ለመለየት ደግሞ የየሲሊንደሩን የናፍጣ ቧንቧ ዳዶ ተራ በተራ ላላ አድርጎ ዝም ማሰኘት ነው። ይሄኛው ገባኝ። አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ የሚያጉረመርመውን ሲፈልጉ እንዲሁ ነበር፤ አንዱን ረድፍ ያስወጣሉ፣ ጫጫታው አብሮ ከወጣ ሌባው ተያዘ።

ጥያቄዎቹን ይዤ ግቢ ወረድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስለዚህ ድምፅ ያወራን ሰዎች አንዱንም መመለስ አቃተን። ድምፁ የማን ጥፋት እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደሚያስወጣ፣ አከራዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ሲነሣ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚለውን ያየ አልነበረም።

ስለዚህ ፉንዲ፣ ማለትም መካኒክ፣ ተጠራ።

ፉንዲው በምዊኪ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ የሚሠራ፣ ቱታው ከናፍጣ የተነሣ ብቻውን የሚቆም ሰው ነው። ያለምንም ሰላምታ ረጅም ካቻቢቴ፣ እነሱ «ቢሲቢሲ» የሚሉትን፣ አወጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የወንድሜ ልጅም እንደዚያው ያደርጋል፣ ብረቱ ድምፁን ከየቦታው ለይቶ ያመጣል። ከቴስታታው ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው ወደ ኩሽኔታው ሲሄድ ግቢው እንደ ቅዳሴ ጸጥ አለ። ነርሷ በሹክሹክታ «ስፔሻሊስት ነው» አለችኝ። በመጨረሻ ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተናገረ፤ «ኖኪንግ»። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። «ቀጭ-ቀጭ» ስንል የከረምነውን ሰውዬው በእንግሊዝኛ መለሰልን፣ እኛም በሽታው ታወቀ ብለን 4,800 ሽልንግ አዋጣን። አሥራ ስድስት ቤት፣ በነፍስ ወከፍ 300።

ኖዝሎቹ ተፈቱ። ኪሪንያጋ መንገድ፣ የናይሮቢ መለዋወጫ ሁሉ ወደሚቀመጥበት ሠፈር፣ ተሄደ። «ኦርጅናል ይሁን ወይስ ቻይና?» ተባለ፤ «ኦርጅናል ቻይና» ተብሎ ተስማማን። ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ፉንዲው ከመደርደሪያው ባወረደው ሰፊ ትሪ ላይ በሥርዓት ደርድሮ ሠራ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ የለም! ተጨበጨበ። ፉንዲው ብሎኑን ሁሉ መልሶ አሠረ፣ ትሪውን ወልውሎ ወደነበረበት ሰቀለ፣ ሄደ። ማታ መብራት ጠፋ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ቅጭል-ቅጭል።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስት ጊዜ እሱ እያለ ድምፁ ይጠፋል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ሹፌሩ «ሞተሩ ይፈራዋል» አለ፤ ማንም አልተቃወመም። እንዲያውም ፉንዲውን በወር ደሞዝ እንቅጠረው የሚል ሐሳብ ከሁለተኛ ፎቅ ቀርቦ ነበር።

ኅዳር ላይ የወንድሜ ልጅ መርከብ ሞምባሳ ቆመና፣ ልጁ በባቡር እኔ ዘንድ ለሁለት ቀን መጣ። ማታ መብራት ጠፋ፤ በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም። ግቢ ወረድን። መፍቻ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ እጁን ብቻ ነው ያወጣው። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ መዳፉን የማርሚታው ማሰሪያ ላይ፣ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ፣ መደርደሪያው ላይ እያሳረፈ ዞረ። «ከመፍታት በፊት በዙሪያው ያለ የላላ ነገር ነው የሚታየው» አለኝ። «የሞተሩ ንዝረት ብረቱን ይዞ ይሄዳል፤ መርከብ ላይ ስንት ሰው ሞተር ፈትቶ ጥፋቱን ማንቆርቆሪያ ላይ አግኝቶታል።» ከዚያ ከራሱ በላይ እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር በአንድ ጣት ነካ።

ጸጥ።

ጣቱን አነሣ። ቅጭል-ቅጭል። ነካ፤ ጸጥ። ወደኔ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ «እቴቴ» አለኝ፣ «ይሄ አክንባሎ የማን ነው?»

መቼም ካሳራኒ ውስጥ የአሉሚኒየም አክንባሎ የስንት ሰው ይሆናል? ምጣዴ ቶክን በላብኝ ብዬ «ለጊዜው» ያወረድኩት መስከረም አንድ ሰሞን ነው፤ ለእንቁጣጣሽ እንጀራ ጋግሬበት። ጫፉ የቆርቆሮውን ግድግዳ እየነካ ሞተሩ ባንቀጠቀጠው ቁጥር ጽናጽሉን ሲጸነጽል ከረመ። ገልብጬ ባየው ሆዱ ውስጥ የዳዶ ቅርጽ በናፍጣ ታትሟል። የፉንዲው ትሪ እሱ ነበር።

ልጁ ደግ ነው፣ ስሜን ሳይጠራ በማግስቱ ጠዋት ለተሰበሰቡት «መደርደሪያው ላይ የላላ ዕቃ ነው፣ ሞተሩ ደህና ነው» አላቸው። «ስንት ይፈጃል?» አለ ሒሳብ ሠራተኛው። «ምንም።» ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ሹፌሩ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ግን ገና ልጅ ነው» አለኝ፤ ምንም የማያስወጣ ብልሽት ሰምቶ እንደማያውቅም ጨመረ። ፉንዲው ለአራተኛ ጊዜ ይጠራ ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ባልስማማ ይጠረጥሩኛል።

አክንባሎውን በዚያው ሌሊት በነጠላዬ ጠቅልዬ አራተኛ ፎቅ አውጥቼዋለሁ። ፉንዲው ሲመጣ ፖምፓውን በስፓና ሁለቴ ቆግ ቆግ አደረገ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ድምፅ የለም። ሄደ፤ አሁንም ድምፅ የለም። ዛሬ በሕንፃችን «ሁለቴ መታ አድርጎ የሚፈውስ» እየተባለ ይወራለታል፤ ከጎረቤት ሕንፃም እየመጡ ስልኩን ይወስዳሉ። ቁጥሩን የምሰጣቸው እኔ ነኝ።

ጋሼን ቅዳሜ ቡና ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተደነቁም፤ «ብያችሁ ነበር» ብቻ ብለው ሁለተኛውን ስኒ አነሡ። አክንባሎው አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ሞተሩ ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠርቷል፣ ሶል ላይ ነው፣ ውሃውም ሞቅ ያለ ነበር። የምታውቁት የካሳራኒ ሰው ካለ ግን አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ፤ አሥራ አምስት ቤት 300 ሽልንጉን ይጠይቀኛል።